የአምባቸው ዲሽ

ባለቤቴ አምባቸው ድህነትን አይፈራም፤ የሚፈራው ጎረቤት እንዳያይበት ነው። ብቻችንን ስንሆን ሳምንቱን ሙሉ ሽሮ ቢቀርብለት ቅር አይለውም። የተቀደደ ካልሲውን ራሱ ይሰፋል፣ ሳሙናው ሳስቶ ሳስቶ ከእጁ እስኪጠፋ ድረስ ይታጠብበታል። በሩ ሲንኳኳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፁ ይጎላል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ "ግቡ እንጂ! ምነው በር ላይ?" ይልና ወደ ጓዳ ዞሮ "ሰርኬ፣ ሻይ!" ብሎ ያዛል። ስኳሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የእኔ ሥራ ነው።

የምንኖረው መካነ ሰላም ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማርኩ። አምና ዲግሪ ያላት አንዲት ልጅ ተመደበችና እኔን ከነዲፕሎማዬ ወደ ሁለተኛ ክፍል አወረዱኝ። ልጅቷ ምንም አልበደለችኝም። ክፍልፋይ ስታስተምር ግን በመስኮት ሰምቻታለሁ፤ እሷንም ልጆቹንም እግዜር ይርዳቸው። ሁለተኛ ክፍል ስገባ የድሮ ተማሪዎቼ በኮሪደሩ ሲያልፉ "ቲቸር እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ብዬ ልመልስ? "ወረድኩ" አይባልም ለልጅ።

ደሴ ውስጥ በክረምት እያስተማረ ዲግሪ የሚሰጥ ኮሌጅ አለ። የመንግሥት ኮታ በተደጋጋሚ ዘሎኝ ስላለፈ ዘንድሮ በግሌ ከፍዬ ልገባ ቆረጥኩ። ዕቁቤ ሲወጣ ብሩ ለመጀመሪያው ክረምት ልክ በቃኝ። ምዝገባው ሰኔ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሳምንት ያበቃል። ካለፈኝ ሌላ ዓመት ሙሉ ከነዚያ ሕፃናት ጋር ጣት እየቆጠርኩ ልከርም ነው። ወደ ሰባተኛ ክፍሌ መመለስ ፈለግኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም።

የአምባቸው የዲሽ ኮንትራት የሚያልቀውም በዚያው ሳምንት ነበር።

ዲሹን ያስገባው ከአራት ዓመት በፊት፣ ወረዳው መሬት ቢሮ ውስጥ ትንሽ እድገት ያገኘ ጊዜ ነው። ነፃውን አይደለም፤ የሚከፈልበትን፣ የውጭ ኳስ የሚያሳየውን ነው። በሰፈራችን የመጀመሪያው እሱ ነበር። ሳህኑ ጣሪያችን ላይ ሲሰቀል አምባቸው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ ሰቃዩን ያዝዘው ነበር። አቅጣጫው ቀድሞም ተስተካክሎ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይ ነው ያስቆየው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜያችን የእኛ አልሆነም። ሦስት ቋሚ እንግዶች አሉን። አንደኛው ፋሩቅ ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይነግዳል፣ ሁለት መኪና አለው፣ እኛ ቤት ሲመጣ ግን ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ሁለተኛው ይሄነው ነው፤ የአምባቸው የሥራ ባልደረባ፣ ወንበሩን ጎትቶ በሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ሁልጊዜ ሊነሳ የተዘጋጀ የሚመስል። ሦስተኛው ጋሽ ቢተው ናቸው፤ የቅሬያችን ዳኛ። ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚያስቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ማኅበር ነው። ዳኛው የቀጣውን ማንም አይምረውም። ጋሽ ቢተው ኳሱ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ግብ ገብቶ አምባቸው ሲጮህ ብንን ይሉና "ማን ሞተ?" ይላሉ።

እኔ ቆሎ እቆላለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ከሦስቱ አንዱ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይዞ መጥቶ አያውቅም። ሲወጡ "አላህ ይስጥልን"፣ "እግዜር ያክብርልን" እያሉ ይወጣሉ። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ አምባቸው ደግሞ ዙፋኑን የጠበቀ ንጉሥ ሆኖ ሶፋው ላይ ይንጠራራል።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሰሞን አንድ ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሳሁት።

"አምባቸው፣ ዲሹ ይቅር።"

የጠቀለለውን ጉርሻ አፉ አጠገብ አድርሶ ቆመ። "ምን ማለትሽ ነው ይቅር?"

"ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፤ አናድሰው። ዕቁቡ ለትምህርቴ ነው፤ ደሞዛችን ደግሞ ለጤፉም አልበቃ።"

"በዓለም ዋንጫ መሀል? ሰው ቤታችን ሞልቶ?"

"ቤቱን የሞላው ሰው ያዋጣ። ለሦስት ቢካፈሉት ምንም አይጎዳቸውም።"

ሱሪውን አውልቆ ገበያ መሀል እንዲቆም ያዘዝኩት ያህል አየኝ። "እንግዳ ሂሳብ ይጠየቃል? የቢያድግልኝ ልጅ ቤት በክፍያ ይገባል ይባልልኝ?"

ቢያድግልኝ አባቱ ናቸው፤ ወደ ማሻ አቅጣጫ የሚያርሱ ጭምት ገበሬ። በሬያቸው የሞተ ዓመት ከጎረቤት በሬ ለምነው ያረሱ፣ "ቸገረኝ" ማለት አፋቸውን የማይዘው ሰው ናቸው። ልጃቸው ይህን ኩራት ከየት እንደለቀመው አላውቅም። ከእሳቸው አይደለም።

"እንግዲያው የለንም በላቸው" አልኩት።

"ምን?"

"የለንም። አጭር ቃል ናት።"

"ሴት ስለሆንሽ አይገባሽም" አለኝ። ይህን የሚለው መልስ ሲያልቅበት ነው። እጁን ታጠበ፣ አፉን ጠረገ፣ በመጨረሻ "እሺ፣ እናስብበት" አለ። እኔ የማስበው ነገር አልነበረኝም፤ አስቤ ጨርሻለሁ። ግን "እናስብበት" ካለ ሳይነግረኝ አያደርገውም ብዬ ተውኩት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኪሎ ስኳርና ሁለት ብስኩት ተቀምጧል። አምባቸው ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ሪሞቱን በጨርቅ ይወለውላል። ያን ቀን ምሽት ትልቅ ጨዋታ ነበር።

"ምን ተገኘ?" አልኩት።

"ዓመቱን በአንዴ ከፈልኩት" አለ ፊቴን ሳያይ። "የዲሹ ሰዎች መልእክት ላኩ፣ ዓመት ሙሉ ለከፈለ ቅናሽ አለ ብለው። ትናንት ነበር የሚያልቀው። አትርፈናል።"

"በየትኛው ብር?"

ሪሞቱን መወልወሉን ቀጠለ። ዕቁቡ የተጻፈው በአባወራ ስም ስለሆነ ብሩ የገባው በእሱ ሂሳብ ነበር። አባወራ ማለት እንዲህ ነው፤ ያላዋጣውን ይቀበላል፣ ያልጠየቁትን ይከፍላል።

"ሰርኬ፣ ትምህርቱ እኮ ከርሞም አለ" አለኝ ቀስ ብሎ። "የዓለም ዋንጫ ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው።"

"አትርፈናል" የሚለኝ እኔን የሒሳብ አስተማሪዋን ነው። አልጮህኩም። ብጮህ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩ፣ እንደገና ዘረጋሁት፣ እንደገና አጠፍኩት። ከእናቴ ቤት ይዤው የመጣሁትን ስድብ ሁሉ ሰብስቤ ልናገረው አፌን ስከፍት፣ ውጪ የቅሬው ጠሪ ድምፅ ተሰማ።

"ቅሬ! የላይ ሰፈር ቅሬ! ወይዘሮ ብርሀንነሽ አርፈዋል! ቀብር ከሰዓት በኋላ ነው!"

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከእኛ ሦስት ቤት ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ግን እኔን ጨምሮ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ያዘሉ አሮጊት ነበሩ። አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ነፍሳቸውን ይማር። የቅሬያችን ደንብ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ድንኳን ተተክሎ እስኪነሳ ድረስ ቴሌቪዥንም ሆነ ራዲዮ ድምፁ ከአባል ቤት መሰማት የለበትም። ወንዱ ሁሉ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሠርግ ቢቀሩበት ይታለፋል፤ ለቅሶ የቀረ ግን በራሱ ቀን ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝም።

አምባቸው ሪሞቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የተወለወለውን ሪሞት አየ፣ ስኳሩን አየ፣ ጨለማውን ቴሌቪዥን አየ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ወይዘሮ ብርሀንነሽንም እወዳቸው ነበር፣ ግን ለአፍታ ደስ አለኝ።

ቀብሩ አለቀ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወንዶቹ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ሴቶቹ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሸራው ተወጥሮ በተሠራ መጠለያ ሥር ንፍሮ እንቀቅላለን። ከጎኔ የፋሩቅ ሚስት ሀናን ባቄላ ትለቅማለች። በእኛና በወንዶቹ መካከል ያለው ሸራ ብቻ ነው፤ ሲያስነጥሱ ሳይቀር እንሰማለን።

ጋሽ ቢተው አምባቸውን ላኩት። "ልጄ አምባቸው፣ ከጎረቤት ሁለት አግዳሚ አምጣልን" ሲሉት ሰማሁ፤ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ ራቀ። እሱ እንደሄደ ሸራው ወዲያ ማዶ ሹክሹክታ ተነሳ።

"ስንት ለስንት ሆኑ?" የሚለው ይሄነው ነው።

"አንድ ለዜሮ" አለ ፋሩቅ። ከጋቢው ሥር ስልክ ያያል ማለት ነው። ለቅሶ ቤት! የጋሽ ቢተው መቀጫ ትዝ አለኝና ሳላስበው ጆሮዬን ወደ ሸራው አስጠጋሁ። ጋሽ ቢተው ግን አልተቆጡም።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ይሄነው በረጅሙ ተንፍሶ። ይሄነው ክርስቲያን ነው፤ በእኛ አገር ግን እፎይታ ሲመጣ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። "ዛሬ እንኳ ከአምባቸው ቤት ተረፍን።"

"ነውር ነው እንዲህ አይባልም" አሉ ጋሽ ቢተው። ወዲያው ደግሞ ቀጠሉ፤ "እኔማ ያን ሩጫ ምን እንደሚሉት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከበር ጠብቆ 'ጋሽ ቢተው፣ ይግቡ እንጂ' ሲለኝ እንቢ ብል ናቀኝ ይላል። ሽማግሌ ሰው ንቆ ምን ይጠቀማል? ገብቼ እተኛለሁ።"

"እኔ ደግሞ ሚስቴ በየቅዳሜው 'ቤት የለህም ወይ?' እያለች ትነዘንዘኛለች" አለ ይሄነው። "ምን ላድርግ፤ የቢሮ ሰው ነው፣ ይቀየመኛል።"

"እናንተ ምን አላችሁ!" አለ ፋሩቅ። "ወላሂ፣ እኔ ዲሽ ገዝቼ እቤቴ ከነካርቶኑ ካስቀመጥኩ ሁለት ዓመቴ። ጣሪያዬ ላይ ብሰቅለው አምባቸው 'የእኔን ንቆ ነው' ይላል ብዬ። የራሴን አስቀምጬ የሰው ቤት ሄጄ አያለሁ።"

ሀናንን ቀና ብዬ አየኋት። ባቄላዋን ይዛ ፊቷ ቀልቷል። "እውነት ነው?" አልኳት በለሆሳስ።

"ካርቶኑ ላይ የልጆቹን ልብስ አጥፌ አስቀምጥበታለሁ" አለችኝ። "ምን ብዬ ልንገርሽ ሰርክዬ? እናንተን ማስቀየም ነው የመሰለን።"

እንግዲህ አስቡት። አራት ዓመት ሙሉ እነሱ ላለማስቀየም መጡ፤ እሱ ላለመናቅ ከፈለ፤ እኔ ቆሎ ቆላሁ። ኳሱን ፈልጎ እኛ ቤት የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ጋሽ ቢተው ለእንቅልፍ፣ ፋሩቅ ለስልኩ፣ ይሄነው ለበሩ። የእኔ ሰባተኛ ክፍል በዚህ መሀል ተበላ። ሳቄ ከሆዴ ተነስቶ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው አይስቅም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ታገልኩት። አጠገቤ ያሉት ሴቶች "አይዞሽ፣ ልጅ ሳለሽ ያዝሉሽ ነበር እኮ" እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኛል። ከሳቁ በኋላ የመጣው እንባ እውነተኛ ነበር፤ ለወይዘሮ ብርሀንነሽ ግን አልነበረም።

ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል አምባቸው ከድንኳኑ ጥግ ቆሟል። አግዳሚውን ተሸክሞ፣ ዝናብ እየወረደበት። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም፤ ፊቱን ሳየው ግን ከ"ተረፍን" ጀምሮ መስማቱን ተረዳሁ። ጆሮው ድረስ ጠቁሯል። አግዳሚውን አስገብቶ አስቀመጠ፣ "ይቀመጡ ጋሽ ቢተው" አለ፣ እሳቸውም "ተባረክ ልጄ" አሉት። እሱ እንዳልሰማ፣ እነሱ እንዳላወሩ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ሰማህ?" አልኩት።

"ምኑን?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ለአፍታ አዝኜለት የነበረውን ሁሉ በዚች ቃል መለሰልኝ።

ድንኳኑ ማክሰኞ ተነሳ። የኮሌጁ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ረቡዕ ጠዋት ሪሲቨሩን ከነካርዱ፣ ከነገመዱ ነቅዬ ዘንቢል ውስጥ ከተትኩት። አምባቸው ጫማውን እያሰረ ነበር።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ለፋሩቅ ልሸጥለት። ዓመቱ ተከፍሎበት የለ? ሳህኑ ካርቶን ውስጥ አለው።"

"ሰርካለም!" አለ፤ ሲናደድ ሙሉ ስሜን ነው የሚጠራው። "በቁሜ ገደልሽኝ።"

"ቅሬው ያስቀብርሃል" ብዬው ወጣሁ። አልተከተለኝም። ቢከተለኝ መንገድ ላይ ሰው ያየናል።

የፋሩቅ ሱቅ ገበያው ዳር ነው። ሚስማር ይመዝን ነበር። ዘንቢሉን ባንኮኒው ላይ ሳስቀምጠውና የያዘውን ሲያይ ሚዛኑን ለቀቀው።

"ወላሂ አይሆንም ቲቸር" አለ ነገሩን ሳልጨርስ። "የወንድሜን ቴሌቪዥን ከቤቱ ነቅዬ እኔ ቤት ላስገባ? ሰው ምን ይለኛል? ብር ከቸገራችሁ ላበድርሽ፤ ስትችሉ ትመልሳላችሁ።"

"ብድር አልፈልግም። ዕቃ ነው ያመጣሁልህ።"

"አምባቸው ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ይቀየመኛል።"

"ፋሩቅ" አልኩት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሁለተኛ ክፍል ላሉት እንደማወራው። "እኔ ለቅሶው ቀን ከሸራው ጀርባ ነበርኩ። ሀናንም አጠገቤ ነበረች። ካርቶኑ ላይ የልጆች ልብስ እንደሚታጠፍበት አውቃለሁ።"

ደነገጠ። አንገቱን አከከ። ደንበኛው ሚስማሩን ይጠብቃል፣ እኔ እጠብቃለሁ። "አስተግፊሩላህ" አለ በመጨረሻ፤ "እኔ ክፉ አስቤ አይደለም እኮ ቲቸር።"

"ማንም ክፉ አላሰበም። እኔን የገደለኝ ይኸው ነው። ነውሩን እኔ እወስዳለሁ፣ አንተ ሪሲቨሩን ውሰድ።"

ወሰደ። አልተከራከረኝም፤ አምባቸው የከፈለውን፣ የዕቁቤን ያህል፣ ሙሉውን በስልኩ ወደ እኔ ሂሳብ ላከ። ወደ እኔ፣ ወደ አባወራው አይደለም። ከዚያው ወደ ባንክ ሄጄ ለኮሌጁ ከፈልኩ። ዝናቡ እየመታኝ ወደ ቤት ስመለስ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ የተራመድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አምባቸው ሦስት ቀን አላናገረኝም። ሰላም ነበር። ቅዳሜ ምሽት እኔ መኝታ ክፍል ሻንጣዬን ሳዘጋጅ፣ እሱ ሳሎን ከጨለማው ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"አሰላሙ አለይኩም! ቤቶች!"

ፋሩቅ ነው። ከኋላው ይሄነው። ከኋላው ጋሽ ቢተው፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ። በዚያ ሰዓት ፋሩቅ ቤት ኳሱ ተከፍቷል፤ ሀናን ልጆቹን ሰብስባ ታያለች። እሱ ራሱ ግን እዚህ መጣ። ለምን? ቢቀር "ለኳሱ ብቻ ነበር የሚመጣው" ይባላላ! መጥተው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደማይሠራው ቴሌቪዥን አዙረው። እኔ በበሩ ክፍተት አያለሁ።

"ዝናቡ በረታ" አሉ ጋሽ ቢተው።

"በረታ" አለ ይሄነው።

አምባቸው ጉሮሮውን ጠረገ። "ያው ሪሲቨሩ... ትንሽ ተበላሽቶብን፣ ለጥገና ደሴ ልከነዋል።"

ይህን ያለው ሪሲቨሩን የገዛው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ነው! ፋሩቅ ወለሉን አየ። ከዚያ በሙሉ ትሕትና "አላህ ያሽረው" አለ። ለታመመ ሰው እንደሚባለው። ይሄነው ሳል ያዘው።

"እርጥበቱ ነው" አሉ ጋሽ ቢተው። "ሰሞኑን እርጥበቱ ዕቃ አያስተርፍም።"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አምባቸው ቀጠለ፤ "ጥሩ ሠራተኛ አለ አሉ እዚያ። በጣም ጎበዝ።" ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሴ ስላለው ጎበዝ ጠጋኝ፣ ስለሌለው ሰው፣ ትንሽ ተወያዩ።

ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፤ የቀረኝ ሹራብ ሳሎን ወንበር ላይ ነበር። ጋሽ ቢተው ሻንጣውን አዩት።

"ወዴት ነው ልጄ?"

"ነገ ጠዋት ደሴ፣ ጋሽ ቢተው።"

ሽማግሌው አንዴ እኔን አንዴ አምባቸውን አዩ። "ለሪሲቨሩ ይሆናል" አሉ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ የማመልጥበትን ቀዳዳ ከፍተው በአክብሮት ሰጡኝ። አምባቸው ደግሞ በዓይኑ ለመነኝ። "አዎ" ብል ሁሉም በሰላም ያድራል። እኔም ክረምቱን በሙሉ፣ በሰፈሩ ዘንድ፣ ቴሌቪዥን ላስጠግን የሄድኩ ሴት ሆኜ እቀራለሁ።

"አይደለም ጋሽ ቢተው" አልኩ። "ልማር ነው የምሄደው። ሪሲቨሩ ደህና ነው፤ ፋሩቅ ቤት ይሠራል። እርስዎም ያውቃሉ፣ እነሱም ያውቃሉ፣ አምባቸውም እንደምታውቁ ያውቃል። ብሩ ለሁለቱ አልበቃንም፤ ሸጥኩት።"

ከዚያ ይሄነው ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ፋሩቅም ተነሳ። ጋሽ ቢተው ጃንጥላቸውን ፈለጉ። "እንግዲያስ..." አሉ፣ "እንግዲያስ እናንተም ዕረፍት ታድርጉ።" አራት ዓመት የጠበቁት ፈቃድ በመጨረሻ ተሰጣቸው፤ እየተጋፉ ወደ በሩ ሄዱ።

"ተቀመጡ እንጂ" አለ አምባቸው።

እንግዳ ሲመጣ የሚያወጣው ያ ጎላ ያለ ድምፅ አልነበረም። ከሶፋው አልተነሳም፤ እጁን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ወለሉን ያያል።

"ኳስ የለም" አለ። "ስኳርም አልቋል። ዕቁቡም የእሷ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የለኝም። ብቻ... ትንሽ ተቀመጡ።"

"የለኝም" የምትለውን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ለኳስ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ እነዚህን ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ለማየት ነበር። እሱ ብቻውን ቢሆን ማንም የማይመጣበት ይመስለው ነበር። አንጀቴን በላው። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ ይህን ቃል ከአራት ዓመት በፊት በነጻ ሊለው ይችል ነበርና።

ሦስቱ ሰዎች በሩ ላይ ተያዩ። ጋሽ ቢተው ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉ። ሄደው ከአምባቸው ጎን፣ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ፋሩቅ ተከተላቸው፤ ይሄነውም ወንበሩን ከበሩ አንስቶ ወደ መሀል አስጠጋ።

እኔ ሹራቤን አንስቼ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት። አውቶቡሱ የሚነሳው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ሻንጣዬም ገና አልተዘጋም ነበር።